ለችሎቱ የገዛሁት ጫማ

ሰኞ

ፈርቻለሁ። ረቡዕ ዳኛዋ ማርታን ለብቻዋ ቢሯቸው አስገብተው ከማን ጋር መኖር እንደምትፈልግ ሊጠይቋት ነው። ገና ዘጠኝ ዓመቷ! ባሌ ታደሰ የወለዳት አባቷ ነው፤ እኔ እንጀራ እናቷ ነኝ። እናቷ ዓለምነሽ አረብ አገር ስትሄድ ማርታ ገና ትንሽ ነበረች። አሁን ተመልሳ አንኮበር እናቷ ቤት ገብታለች፤ ልጄን ስጡኝ ብላ ከሰሰች። በክሱ ውስጥ የእኔ ስም የለም። ባለፈው ቀጠሮ በር ላይ ያለው ፖሊስ የልጅቷ ምን እንደሆንኩ ጠየቀኝ፤ እንጀራ እናት ስለው ከላይ እስከ ታች አየኝ። በየተረቱ የምትመጣዋ ክፉ ሴትዮ እኔ ሆንኩ ማለት ነው።

ማክሰኞ

ገበያ ዋልኩ። ቀሚስ፣ ሹራብ፣ ቀይ ጫማ። ጎረቤቴ ሹሩባ ሠራቻት። ዳኛዋ ሲያዩዋት የተጎዳች እንዳትመስላቸው ነው። ከፍርድ ቤት ቤታችንን ሊጎበኙ ይመጣሉ ስለተባለም ልብሷን በሙሉ አጥቤ፣ አጣጥፌ ሻንጣ ውስጥ ደረደርኩት። ያ ክርኑ የተጣፈ ሹራቧ ብቻ አሳፈረኝ፤ ከታች ደበቅሁት።

ማርታ ጫማውን ለካችና መልሳ ካርቶኑ ውስጥ ከተተችው። ወትሮ አዲስ ነገር ካገኘች ሰፈሩን ሳታዳርስ አትቀመጥም። ታደሰ ልጅቷን እንዳታስጠኛት ብሎ ስላስጠነቀቀኝ ስለ ፍርድ ቤቱ ትንፍሽ አላልኩም።

ረቡዕ

ማርታ "አንኮበር" አለች።

ዳኛዋ ሲናገሩ ሰማሁ፤ ልጅቷ ከእናቷ ጋር መኖር መርጣለች፣ ለውሳኔ ለሰኞ ተቀጥሯል። የፈሩት ይደርሳል የሚሉት እውነት ነው። ዓለምነሽ በነጠላዋ አፏን ይዛ አለቀሰች። ልጠላት ብሞክርም አልተመቸችልኝም፤ ስንወጣ ጉንጬን ሳመችኝና "አሳድገሽልኛል፣ እግዜር ይስጥሽ" አለችኝ። መርቃኝ ነው፤ እኔ ግን ስንብት መስሎ ተሰማኝ። ማርታ ዓይኔን ማየት አልፈለገችም።

ሐሙስ

ኃይለኛ ውርጭ ነው። ማርታ ያንን የተጣፈ ሹራብ ከሻንጣው ሥር ጎትታ አውጥታ ለብሳለች። አዲሱን ለምን ተውሽው ስላት፣ እዚያ ስሄድ እለብሰዋለሁ አለችኝ።

"እዚያ የት?"

"አንኮበር። ልትሰጡኝ አይደል ልብስ የገዛችሁልኝ? ሻንጣዬንም አዘጋጃችሁ።"

እኛ የቆረጥነው ነገር መስሏት፣ እንዳታስቸግረን ብላ፣ ለዳኛዋ የምንፈልገውን ነግራልናለች። ሳይቸግረኝ ጤፍ ብድር! አቅፌ ማንም አልሰጠሽም፣ ማንም አይሰጥሽም አልኳት። ለምን አልነገራችሁኝም ብላ አለቀሰች።

ታደሰ ሥራውን ትቶ ዳኛዋ እንደገና እንዲሰሟት ለማመልከት ሄደ። አሁን ደግሞ ሌላ ፍርሃት ያዘኝ፤ አስጠንተን ቃሏን ያስለወጥናት ቢመስላቸውስ?

ሰኞ

ዳኛዋ ተቀበሏት። ደጅ ላይ ከዓለምነሽ ጋር አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ አልን። የሆነውን እንዳለ ነገርኳት። "እኔም እኮ ጫማ ገዝቼላት ነበር" አለች።

ማርታ ስትወጣ ምን እንዳለች ማናችንም አልጠየቅናትም። እናቷ ከአንኮበር ይዛላት የመጣችውን ቆሎ ሰጠቻት፤ እሷ ደግሞ ለሁለታችንም ዘገነችልን።

ውሳኔው ለዓርብ ተባለ። ዓርብ እንዴት ይደርስ ይሆን? ዳኛዋ የትኛውን ቃሏን እንደሚያምኑ አላውቅም።

ቤት ስንገባ ማርታ ቀዩን ጫማ ከካርቶኑ አወጣች።

"ነገ ለትምህርት ቤት ላድርገው?"

መንገዱ አቧራ ነው ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አድርጊው አልኳት፤ ይቆሽሽ።