በንግግርዎ ጭራ ላይ የተገኘው ባንድ

ለተከበሩ የሙዚቃ ባለውለታዎች ምርጫ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ እያልኩ፣ ጉልበትዎ እንዳይዝል፣ ጉሮሮዎ እንዳይደርቅ፣ በተለይም ነገ ከሰዓት በኋላ በትልቁ አዳራሽ መድረክ ላይ ሲቆሙ ከፊት ወንበር እስከ ኋላ በር ድረስ የሚወጣውን እያንዳንዷን ድምፅ አጥርተው ይሰሙ ዘንድ ሙሉ ጤና እመኝልዎታለሁ። ይህን የምለው ለወግ ያህል አይደለም። ለነገው ዕለት ከሰው ሁሉ ይልቅ የእርስዎን ጤና አጥብቄ የምፈልገው እኔ ነኝ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። በሰማንያዎቹ ዓመታት ግን ቀን የሰው ሱሪ ሳሳጥር እየዋልኩ፣ አመሻሽ ላይ ደግሞ የ«አራተኛ ፎቅ ባንድ» ኪቦርድ ተጫዋች ነበርኩ። ባንዱን የመሠረተው ሊድ ጊታር የሚጫወተው ታላቅ ወንድሜ ሲሆን፣ ስሙንም ያገኘነው ሊፍት በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ እንለማመድ ስለነበር ነው። ማጉያውን በደረጃ ተሸክመን ስንወጣ ከሁለተኛው ፎቅ ጀምሮ እርስ በርስ የምንሰዳደበው ስድብ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከብዙዎቹ ዘፈኖቻችን የተሻለ ግጥም ነበረው።

ከእርስዎ የፈለግነው ትንሽ ነገር ነበር። ኮሚቴዎ በየዓመቱ የባለውለታዎችን ስም በሬዲዮ ሲያስነብብ የባንዳችንም ስም አንድ ጊዜ እንዲነበብ ለመንን። ወንድሜ ጆሮው እየከዳው ነው፤ ሐኪሙም ከእንግዲህ በመሣሪያ ቢታገዝም ብዙ የመስሚያ ጊዜ እንደማይቀረው ነግሮታል። ቤት አልጠየቀም፣ ሜዳሊያ አልጠየቀም፤ የባንዱ ስም ሲጠራ በገዛ ጆሮው ሰምቶ ማረፍ ነው የፈለገው። ለዚህ ልመና ኮሚቴዎ የሰጠንን መልስ ሁሉ አመሰግናለሁ፤ ምስጋናዬንም እንደሚከተለው በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ባንዱ ለክብር እንደማይበቃ፣ ሥራውም «ለጊዜው ፋሽን የተገዛ ጩኸት» እንደሆነ በመጀመሪያው መልስዎ ስለገለጹልን እግዜር ይስጥልን። በፋሽኑ በኩል አልከራከርዎትም። በየኮታችን ትከሻ ላይ የጠቀጠቅሁት ስፖንጅ ራሱን የቻለ ፍራሽ ይወጣው ነበር፤ በበር ስንገባም በጎን ነበር የምንገባው። ድምፃዊያችን ዜማው ከፍ ሲልበት ዘይት እንዳጣ የበር ማጠፊያ ይንጫረራል፣ የእኔም ግራ እጅ ሰነፍ ናት። ይህን ሁሉ ማንም ሳይጠይቀኝ አምናለሁ። ነገር ግን በዚያ ዘመን ባንዱ ሁሉ ከውጭ አገር ዘፋኞች ፀጉሩንም ዜማውንም ሲቀዳ እኛ የቀዳነው ፀጉሩን ብቻ ነው። ዜማው የወንድሜ ነው፤ ምቱ በበርና በመስኮት ብረት ላይ እየመታ የተማረው የድራመራችን ነው፤ ያ ምት ሲጀምር ደግሞ በሠርግ ቤት የተቀመጠ አማት እንኳ ተነስቶ ይጨፍር ነበር። ኮሚቴዎ ዓምና የሸለመው ባንድ ከዘፈኖቹ ግማሹን ከየት እንዳመጣ እርስዎም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ፣ ባለቤቶቹ ቢሰሙም ያውቁታል። ሆድ ይፍጀው ብዬ አልፌዋለሁ።

ሁለተኛ፤ ደግመን ባመለከትን ጊዜ በሬዲዮ ጣቢያው ስቱዲዮ የተቀረጸ ዋናው የቴፕ ክር ካልቀረበ በቀር ከእጅ ወደ እጅ የተቀዳ ካሴት ተቀባይነት እንደሌለው ስላስተማሩን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ደንብ ደንብ ነው። ዋናው ክር የት እንደገባ ግን ከእርስዎ የተሻለ የሚያውቅ ሰው በምድር ላይ ስለሌለ፣ ይህ ደብዳቤ ለሚወጣበት ጋዜጣ አንባቢ እንድነግርልዎ ይፍቀዱልኝ። ያን ጊዜ ባዶ ክር እንደ ልብ አይገኝም ነበርና ጣቢያው የማይፈለገው ሥራ ላይ ደርቦ የሚፈለገውን ይቀርጽ ነበር፤ የሚፈለገውንና የማይፈለገውን የሚለዩት ደግሞ ወጣቱ የሙዚቃ መርማሪ፣ እርስዎ ነበሩ። የእኛን ዘፈን አንድ ጊዜ እንኳ ሳያዳምጡ «አይፈለግም» ብለው ፈረሙበትና በላዩ ላይ «ሙዚቃና ጨዋነት» የተባለውን ተከታታይ ትምህርታዊ ንግግርዎን አስቀረጹበት። ዋናውን ክር አምጡ ብሎ የጠየቀን፣ ዋናውን ክር የበላው ሰው ነው ማለት ነው።

ሦስተኛ፤ ንግግርዎን በማሳጠርዎ በባንዱ ስም አመሰግናለሁ። ሌላው ተናጋሪ ሁሉ ክሩ እስኪያልቅ ሲለፈልፍ እርስዎ ስብሰባ ነበረብዎትና ቶሎ ጨርሰው ወጡ፤ ቴክኒሻኑም የተረፈውን ክር እንዲያጠፋ ስላላዘዙት እንዳለ ተወው። በመሆኑም «ጩኸት ሙዚቃ አይደለም» ብለው አድማጮችን አመስግነው እንዳበቁ፣ ከጨዋነትዎ ጭራ ላይ የዘፈናችን መጨረሻ ቀጥ ብሎ ይገባል። የወንድሜ ጊታር አለ፣ የእኔ ኪቦርድ አለ፣ ማንጎራጎር አለ፣ ከዚያ አራት ጭብጨባ፣ ከጭብጨባው በኋላ ዝምታ፣ በዝምታውም ውስጥ የድራመራችን ሳል። ይህ ሁሉ በጣቢያው መጋዘን ተኝቶ ኖረ። ዘንድሮ የአገልግሎት ዘመንዎን ለማክበር ንግግርዎ እንደገና ሲተላለፍ ወጣቶቹ የጣቢያው ሠራተኞች ክሩን እስከ መጨረሻው ለቀቁትና የአድማጭ ስልክ አላባራ አለ። እነሱም ይህን የመሰለ መዝጊያ ሙዚቃ የሰብሳቢው የራሳቸው ድርሰት መሆን አለበት ብለው በአየር ላይ አወጁ።

እዚህ ላይ አንድ ሰው አይደለም ሊል ይችል ነበር። እርስዎ ግን በማግሥቱ ቃለ መጠይቅ ሰጥተው «ትሑት ሥራዬን ስለወደዳችሁልኝ» ብለው አመሰገኑ። አልፈውም ተርፈው፣ ከጭብጨባው በኋላ ያለው ዝምታ የሰው ልጅ በዘለዓለም ፊት የሚቆመውን መቆም የሚያሳይ የማሰላሰያ ዕረፍት መሆኑን አብራሩ። ሳሉንም ቢያብራሩልን ደስ ባለኝ። ሳል ይዞ ስርቆት እንደማይሆን አበው የነገሩን ለእንዲህ ያለው ቀን ነበር።

ይህን ሁሉ የሰማሁት በሱቄ ውስጥ ነው። ነገ ይህንኑ «ድርሰትዎን» በሚያቀርበውና እርስዎ በሚመሩት የወጣቶች ኦርኬስትራ ውስጥ ቫዮሊን የምትጫወት ልጅ ዩኒፎርሟን ልታስለካ መጥታ፣ እጇን ዘርግታ እንደቆመች የወንድሜን ዜማ ታንጎራጉራለች። የማን ነው ብላት «የሰብሳቢያችን ነው እትዬ፣ አያምርም?» አለችኝ። አፌ ውስጥ የያዝኩትን ስፒል አንድ በአንድ እያወጣሁ እጅጌዋ ላይ ሰካሁ። ልጅቱ ምንም አላጠፋች፤ ዩኒፎርሟንም ከሁሉ አሳምሬ ነው የሰፋሁላት።

አራተኛው ቁጥር ምስጋና አይደለም። ባለፈው ወር ወንድሜና እኔ ቢሮዎ ድረስ መጣን። ወንድሜ ሸሚዙን አስተኩሶ፣ ጺሙን ተላጭቶ፣ ምን እንደሚል መንገድ ላይ ሲለማመድ ነበር የመጣው። ዜማው የእርሱ መሆኑን በትሕትና ነገረዎት፤ እርስዎም በዚህ ዕድሜ ትዝታ ሰውን እንደሚያታልል መከሩት። እርሱ ግን ሌላም ሊነግርዎ የፈለገው ነገር ነበር። የዘፈናችን፣ ይቅርታ የድርሰትዎ፣ የጠፋው ክፍል ግጥም እንዳለው ሊያስታውስዎና ከውርደት ሊያድንዎ ነበር የመጣው፤ ወንድሜ እንዲህ ያለ የዋህ ሰው ነው። ገና አፉን ሲከፍት ከወንበርዎ ተነስተው፣ አፍዎን ከጆሮው ገጥመው፣ ጨርሶ ባለመደንቆሩ ፈጣሪውን እንዲያመሰግን ለሕፃን እንደሚነገር ቃል በቃል ጮኹበት። ከዚያ ዞር ብለው ጸሐፊዎን ጠቀሷት። እርሷም ሳትወድ ሳቀች።

ወንድሜ ደረጃውን ስንወርድ ምን እንዳሉት ጠየቀኝ፤ በደንብ አልሰማም ነበር። አስብበታለሁ ነው ያሉህ አልኩት። በዕድሜዬ ወንድሜን ስዋሸው ያ የመጀመሪያዬ ነው፤ ያስዋሹኝ እርስዎ ነዎት፤ ዘፈኑን ብተውልዎ እንኳ ይህን አልተውልዎትም። ሊያድንዎ የመጣውን ሰው ስላባረሩት፣ አሁን የቀረሁልዎ እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ የዋህ አይደለሁም።

እንግዲህ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላልና፣ ስለ ራስዎ የማያውቁትን ላሳውቅዎ። የባንድ ፈቃድ ለማግኘት ለፈተና በቀረብን ዕለት እርስዎ ከፊታችን ተቀምጠው፣ ገና አንድ ኖታ ሳንመታ ከኪስዎ ጥጥ አውጥተው ሁለቱንም ጆሮዎን ወተፉ። ጨርሰን ሰላምታ ስንሰጥ ጥጡን አወጡና ዜማችን እንደማይጥም ፈረዱ፤ ፈቃዱን ያገኘነው በሌሎቹ ፈታኞች ድምፅ ነው። ወንድሜ ያን ቀን ማታውኑ አንድ ዘፈን ጻፈ። ስምዎን አላነሳም። በራስዎ ጣቢያ ስቱዲዮ ገብተን ስንቀርጸው ድራመራችን እንታሰራለን ብሎ ፈርቶ ነበር፤ ወንድሜ ግን ሰውየው የእኛን ሥራ መቼም አያዳምጥም ብሎ አደፋፈረን። አልተሳሳተም። ይኸው እስከ ዛሬ አላዳመጡትም።

ነገ ወላጆችና እንግዶች በሞሉት አዳራሽ፣ በቀጥታ በሬዲዮ በሚተላለፈው ዝግጅት፣ በእጅዎ ዘንግ የሚመሩት ዜማ ግጥሙ የሚከተለው ነው፤

ጥጥ ወትፎ በጆሮው፣ ዜማ የሚዳኘው፣
እንዲህ ያለው ፈራጅ፣ ከየት የተገኘው?
እናጨብጭብለት፣ ባይሰማም ግድ የለም፣
ጥጡን ያወጣ ለት፣ ጉድ ይሰማል ዓለም።

ካሴቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲቀዳ ያልደረሰበት ቤት ስላልነበረ፣ በዚያን ጊዜ ወጣት የነበረ ሰው ሁሉ ይህን በቃሉ ያውቀዋል። ንግግርዎ በተላለፈ ዕለት የጣቢያውን ስልክ ያጨናነቁትም እነሱ ናቸው፤ ወጣቶቹ ሠራተኞች አድናቆት የመሰላቸው ሳቅ ነበር። ለረሱት እንዲያግዝ ደግሞ የዚህ ጋዜጣ አዘጋጆች ግጥሙን ሳይቆርጡ ስላወጡልኝ እጅ እነሳለሁ። አሁን የቀረው ያ የማሰላሰያ ዕረፍትዎ ነው። አራቱ ጭብጨባዎች እንዳለቁ ዝም ያልነው በዘለዓለም ፊት ስለቆምን አይደለም። እዚያ ቦታ ላይ የሚጨፍረው ሕዝብ በአንድ ድምፅ የባንዱን ስም ይጠራ ስለነበር ቦታውን ለእርሱ ለቅቀን ነው። ኦርኬስትራዎም ያንኑ ዕረፍት ሳይነካ እንደሚጫወተው ቫዮሊኒስቷ አረጋግጣልኛለች።

ወንድሜ ከፊት ለፊትዎ ይቀመጣል። ቀጫጭን ድምፅ ከጆሮው ርቋል፤ የእርስዎን ንግግር አይሰማም። የብዙ ሰው ድምፅ ግን አሁንም ይሰማዋል። በአንድ አንባቢ አፍ፣ በአንድ ቀዝቃዛ ዝርዝር ውስጥ እንዲነበብ የለመንዎትን ስም ነገ አዳራሹ ሙሉ ይጠራለታል፤ ዘንጉን አንስተው መቼ እንደሚጠራ የሚያሳዩት ደግሞ እርስዎ ራስዎ ነዎት። ስለዚህ ማመልከቻችንን በዚህ ደብዳቤ አንስተናል። ኮሚቴዎ ከእንግዲህ አይድከም።

ዝግጅቱን ለመሰረዝ ቢያስቡ ምክንያቱን በሬዲዮ ማስረዳት ይኖርብዎታል፤ ዜማው የእኔ አይደለም ማለትም ይቻላል፤ ያንንም በደስታ እናዳምጣለን። የሚመርጡት እርስዎ ነዎት፤ ለመምረጥ ደግሞ ልምዱ አለዎት።

ከንግግሮችዎ ሁሉ መጨረሻውን አብልጣ የምትወድ፣ ለነገው ጤናዎ ቀንና ሌሊት የምትጨነቅ፣ ታዛዥ አድናቂዎ፣

የአራተኛ ፎቅ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋችና ልብስ ሰፊ

ማስታወሻ፤ ሾፌርዎ ባለፈው ሳምንት «ለዝግጅቱ ወገቡ ይስፋ» ብሎ ያመጣልኝ ጥቁር ኮት ደርሷል። የማን እንደሆነ አልነገረኝም፤ እኔም የማን እንደሆነ አልጠየቅሁትም፤ የመጋበዣ ካርድዎ ኪሱ ውስጥ ነበር። በሥራዬ ቂም አልቀላቅልምና ወገቡን አስፍቼ፣ አዝራሩን አጥብቄ፣ ተኩሼ ሰቅዬዋለሁ። በግራ ኪሱ ንጹሕ ጥጥ አስቀምጬልዎታለሁ፤ ለሁለቱም ጆሮዎችዎ ይበቃል። ነገር ግን ነገ ብዙ የሚረዳዎ አይመስለኝም፤ ትኬቱ አልቋል አሉ።