ለእንግዶች የታሰረ ፋሻ

ጥቅምት 4

ዛሬ ደሞ ልዑካን መጡ። ሰባት ሰው። የኮሚቴያቸው ስም ከነሱ ይበዛል… "ለነጻነት የሚታገሉ ሕዝቦችን የሚደግፉ የመምህራንና የሠራተኞች" ምናምን። እኔ በቋንቋቸው ሳልተነፍስ እጨርሰዋለሁ። ክራቫት መሀሉ ላይ ይደናቀፋል። ክራቫት ኃላፊያችን ነው፤ በዚህ ሙቀት ክራቫት የሚያስር። ሁለት ዲግሪ አለው።

እኔን ቋንቋቸውን ማን አስተማረኝ? ማንም። ማተሚያ ቤት ወረቀት እየተሸከምኩ፣ የተበላሸ ገጽ ከቅርጫት እየለቀምኩ ነው የተማርኩት። ቅኝ ገዢዎቹ ለኛ ልጆች የከፈቱት ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል ላይ ያልቃል። ታዲያ ዛሬ እንግዳ ሲመጣ ማነው የሚናገረው? እኔ። ጉባኤ ሲጠራስ አውሮፕላን የሚሳፈረው ማነው? … ተወው።

ዙሩ ያው ነው። ሆስፒታላችን ድንበር ማዶ ጎረቤቶቻችን ያዋሱን የጥጥ መጋዘን ነው። መጀመሪያ እግር የሌላቸው፣ ቀጥሎ የተቃጠሉት፣ መጨረሻ ላይ ያገገሙት ልብስ የሚሰፉበት ስፌት ክፍል፤ ትንሽ ተስፋም ይዩ እንጂ። አንድ አልጋ ጋ ከአምስት ደቂቃ በላይ አላቆምም። ካለፈ የገዛ ጫማቸውን ማየት ይጀምራሉ።

ሚጣ ጋ ግን አስር ደቂቃ አቆምኳቸው። እህቴ ናት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞልቷታል፣ አሁንም ሚጣ ነው የምላት። አውሮፕላን ሰፈራችንን የደበደበ ቀን ግራ ዐይኗ ጠፋ፤ ላዩ ግን ምንም አልሆነም። ቀኙ ያያል፣ ውስጡ ስንጥር ብረት አለ፣ ከስር መግልም ይዟል። እዚህ የሚያወጣበት መሣሪያ የለም። እነሱ ሀገር አለ። በሁለት ወር ውስጥ ከወሰዷት ትድናለች። ይሄን ሁሉ ነገርኳቸው፣ በአፌም በእጄም።

አንዷ ጎንበስ ብላ አየቻትና ምን ብትል ጥሩ ነው? "እንዴት የሚያምሩ ዐይኖች ናቸው።"

ከዛ አለፉ።

ጥቅምት 6

ልዑካኑ እጁ የተቆረጠውን ቁስለኛ ወሰዱት። በመጡ ቁጥር አንድ ቁስለኛ ለሕክምና ይወስዳሉ። ይውሰዱት፣ ይገባዋል። ግን የሱ እጅ ሁለት ወር ቢቆይ ምን ይሆናል? ድጋሚ ይቆረጣል?

"ወንድም ጋሼ፣ በሰው እድል አትናደድ" አለችኝ ሚጣ።

"ጥፋቱ ያንቺ ነው። ማን ቆንጆ ሁኚ አለሽ?"

ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

ጥቅምት 11

ሚጣን የእንግዶቹን ቃላት እያስተማርኳት ነው። ራሷ ብትናገር ልባቸው ይነካል ብዬ። ዐይን፣ ብርሃን፣ እናት፣ ወንድም፣ ነርስ፣ አመሰግናለሁ… ቶሎ ነው የምትይዘው። በዘር ነው መሰለኝ።

ከነርሷ ጋር ተጣላሁ። ጠብታውን በየአራት ሰዓቱ የምታደርግላት እሷ ናት።

"ሲስተር፣ ዝንብ እያረፈበት ለምን አታስሪውም?"

"መግል የያዘ ዐይን አይታሰርም። ታፍኖ ይበሰብሳል።"

"ማን አለ?"

"ትምህርት ቤት ነዋ የተማርነው።"

ትምህርት ቤት… ሆን ብላ ነው። ከአራተኛ ክፍል መቅረቴን ማን ነገራት?

ጥቅምት 19

ሌሎች ልዑካን በ22 ይመጣሉ። ሐኪም አለ፣ ፎቶ አንሺ አለ። አሁንም የአንድ ሰው ቦታ።

ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ካሜራው የት ጋ ነው የሚቆመው? ነጭ ፋሻ ጋ። ፋሻ ካለ ማስረዳት አያስፈልግም። ከሌለ እኔ እንኳ፣ እኔ፣ አላሳምንም።

ጥቅምት 22

ጠዋት አሰርኩላት። ሁለቱንም ዐይን፣ በአዲስ ፋሻ። ነርሷ ቁስለኛ ልታመጣ ድንበር ወርዳለች፤ ሦስት ቀን ትቆያለች። ጠብታውን እጄ ላይ አድርጋ "አደራ፣ በየአራት ሰዓቱ" ብላኝ ነው የሄደችው።

"አይታሰርም አላለችም እንዴ?" አለች ሚጣ።

"ለአንድ ሰዓት ነው። ያዩሻል፣ እፈታዋለሁ።"

"እሺ፣ ብቻ ፀጉሬን ይዘኸዋል፣ ላላ አድርገው።"

አልመጡም። ጎርፍ ድልድዩን ይዞታል፣ ነገ አሉ። ፈትቼ ጠብታውን አደረግኩና መልሼ አሰርኩ። እንደ ጠዋቱ አላምር አለኝ። ሦስቴ ደጋገምኩት።

ጥቅምት 23

አልመጡም። "ያቃጥለኛል" ትላለች። በፈታሁት ቁጥር ይበላሻል… ሰዎቹ ደሞ በየትኛው ደቂቃ እንደሚደርሱ አይታወቅ። ጠብታው አንድ ቀን ቢዘለል ምን ይመጣል?

ጥቅምት 24

አልመጡም።

"ወንድም ጋሼ፣ በቃ ፍታልኝ።"

"ነገ ጠዋት እዚህ ናቸው። ድልድዩ ተከፍቷል። አንድ ቀን።"

"እሺ" አለች።

እሺ ባትል እፈታው ነበር? እንጃ።

ጥቅምት 25

መጡ። ፎቶ አንሺው ቀጥ ብሎ ወደ ሚጣ ሄደ። እንዳልኩት። አንድ ጥቅል ፊልም እሷ ላይ ጨረሰ። ሴቶቹ አለቀሱ። እኔ በሆዴ እሰይ አልኩ። ለራሴ ምን እዋሻለሁ… ብያለሁ።

ከዛ ረጅሙ ሐኪም ፋሻውን ፈታ።

መጀመሪያ ሽታው ነው የመጣው። ሴቶቹ ወደ ኋላ አሉ። ሐኪሙ ቀና ብሎ አየኝ። "ይሄን ማን እንዳሰረው ጠይቃት።"

ክራቫት ውጪ ከመሪያቸው ጋር ፎቶ ይነሳል። ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ እዛ ክፍል ውስጥ እኔ ብቻ ነኝ።

"ሚጣ፣ ማን ነው ያሰረው ይላል።"

"ወንድሜ ነዋ።"

ሁሉም አፌን ያያሉ።

"ነርሷ ናት" ብዬ ተረጎምኩ።

ሚጣ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። ቀስ ብላ።

ሐኪሙ "አራት ቀን ቀድሜ ብደርስ አድነው ነበር" አለ። እሱንም እኔው ነኝ የምተረጉመው። "ተስፋ አለ ይላል" አልኳት።

የሕክምናውን ቦታ ሆዱን ለቆሰለ ሌላ ሰው ሰጡት።

ጥቅምት 28

ነርሷን ከሕሙማን ክፍል አስወጧት። አሁን ከውጭ የተላከ ልብስ ትለያለች፤ ለዚህ ሙቀት የሱፍ ካፖርት። አሥር ጊዜ "እኔ አላሰርኩም" ብላለች አሉ። ሳትሄድ አስራው ነው ተባለ፤ ማን ይሰማታል? ሐኪሙ ከሕመምተኛዋ አፍ ሰምቷል።

ክራቫት "ያን ያህል ተምራ" ሲል እኔ ምን አልኩ? "ትምህርት ብቻውን ምን ያደርጋል" አልኩ። እንዲህ አልኩ። ይሄ አፍ።

ኅዳር 9

ቀኙም ጠፋ። የኛው ሐኪም መብራት አስጠግቶ "ይታይሻል?" አላት። "ሙቀቱ ይሰማኛል" አለች።

ቃል አስተምረኝ ማለት ከተወች ቆየች። ሾርባ ሳጎርሳት ትበላለች። አመሰግናለሁ ትላለች፣ በእንግዶቹ ቋንቋ።

ኅዳር 26

ፖስተር ደረሰ። የሚጣ ፊት፣ የበር ቁመት ያክላል። ነጭ ፋሻ። ከስሩ፦ "ዐይኗን የነጠቁ ነጻነቷን አይነጥቁም።" በስድስት ሀገር ተለጥፏል። ተማሪዎች ይዘውት ሰልፍ ወጥተዋል። ክራቫት እጁን እያፋተገ፣ "አንተ ሁለት ዓመት ለፍልፈህ ያላመጣኸውን አንድ ፎቶ አመጣው" አለኝ።

ጋብዘዋታል። አሥራ ሁለት ከተማ፣ በየከተማው አዳራሽ። ክራቫት አስተርጓሚው እሱ ሊሆን አስቦ ሻንጣውን ሁሉ አውርዷል። ሚጣ ግን "ወንድሜ ካልሄደ አልሄድም" አለች።

ደስ አለኝ። በሕይወቴ የተመኘሁት ነገር ነው። ግን… ለምን እኔን?

ታኅሣሥ 17

የመጀመሪያው አዳራሽ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ፖስተሩን እንድትመስል መድረክ ላይ ፋሻ ታስራለች፤ የማስርላት እኔ ነኝ። ዝም ብላ አንገቷን ትሰጠኛለች።

ስለ ቦምቡ ተናገረች፣ ተረጎምኩ። ስለ ቤታችን ተናገረች፣ ተረጎምኩ። ከዛ በዛችው ለስላሳ ድምጿ እንዲህ አለች፦ "ግራ ዐይኔን ቅኝ ገዢዎቹ ወሰዱት። ቀኙ ይድን ነበር። ያሰረብኝና ያጠፋው ወንድሜ ነው። ይሄ አጠገቤ የቆመው።"

ስድስት መቶ ሰው ይጠብቃል።

"ሁለቱንም ቅኝ ገዢዎቹ ወሰዱት" አልኩ።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

"ምን አልካቸው?" አለችኝ በጆሮዬ።

"ያልሽውን።"

"ወንድም የሚለውን ቃል አልሰማሁም። ሐኪሙ ፋሻውን የፈታ ቀንም አልሰማሁም። ነርስ ነው የሰማሁት።"



ታኅሣሥ 21

ሦስተኛው ከተማ። ያንኑ አለች። እኔም ያንኑ አልኩ። አበባ ሰጧት። አበባውን ለእኔ አቀበለችኝ።

ምናለ ብትጮህብኝ? ምናለ ብትሰድበኝ? ማታ ማታ ታረጋግጣለች፣ በቃ። "ዛሬም አልሰማሁም" ትልና ትተኛለች።

ታኅሣሥ 24

የወደብ ሠራተኞች አዳራሽ፣ አራተኛው። እነዚህ ሌላ ናቸው። የቅኝ ገዢዎቹን መርከብ አንጭንም ብለው ሥራ ያቆሙ ሰዎች ናቸው። ሁለቱ ለኛ ብለው ታስረዋል፤ የኛን ሀገር በካርታ እንኳ አይተው አያውቁም። አንዱ ሽማግሌ የሚጣን እጅ ሲጨብጥ አየሁ፣ መዳፉ እንደ ቅርፊት ነው። እንዲህ ያለ ሰው ፊት ነው የምዋሸው?

ተናገረች። "ያሰረብኝና ያጠፋው ወንድሜ ነው።"

ተረጎምኩት። ቃል በቃል። የራሴን ጨመርኩበት፦ ነርሷ ከልክላኝ እንደነበር፣ ለፎቶ ብዬ እንዳሰርኩ፣ ጠብታውን እንደከለከልኳት፣ ጥፋቱን ነርሷ ላይ እንደጣልኩ። "ወንድሟ እኔ ነኝ" አልኩ።

እንዲተፉብኝ ጠበቅኩ። እውነቴን ነው፣ አማረኝ።

ሽማግሌው ተነሳና አጨበጨበ። ከዛ ሁሉም ተነሱ። ያለቅሳሉ፣ ያጨበጭባሉ። አንድ ግዙፍ ሰውዬ መድረክ ላይ ወጥቶ አቀፈኝ። "ይሄን ያደረጉህ እነሱ ናቸው" ይለኛል። እኔ ነኝ እላለሁ፣ እነሱ ናቸው ይላል።

"ወንድም ስትል ሰማሁ" አለች ሚጣ። "ነገርካቸው?"

"ሁሉንም።"

"ታዲያ ለምንድነው የሚያጨበጭቡት?"

ክንዴን ለቀቀች። እዛው ቆመች፣ ጭብጨባው መሀል፣ እጇን የምታሳርፍበት አጥታ።

ታኅሣሥ 25

ጠዋት ለክራቫት ደብዳቤ ጻፍኩ፣ ነርሷ ንጹህ ናት ብዬ። እንደሠራሁት ጻፍኩ። አንድ ገጽ አልሞላም። እኔ… አንድ ገጽ።

ቀትር ላይ የኮሚቴው ሊቀመንበር መጣች። በደስታ ፊቷ በርቷል። እንደ ትናንቱ ያለ ምሽት በሃያ ዓመት አይታ አታውቅም። ጋዜጣ ላይ ወጥቷል። በየከተማው እንድደግመው ትፈልጋለች፤ ከሚጣ ቀጥሎ፣ አምስት ደቂቃ። ፕሮግራሙ ላይ ስሜ ይታተማል።

አልችልም አልኳት። እህትህን ጠይቃት አለችኝ። ጠየቅኳት።

ሚጣ አሰበች። "ይናገር" አለች። "ሁልጊዜ። እኔ አጠገቡ እቀመጣለሁ።"

ሊቀመንበሯ እኔን አየች፣ የሚጣን መልስ እየጠበቀች። ቀጥ አድርጌ ተረጎምኩ።

ስምንት ከተማ ይቀራል።