ከጠርዝ እስከ ጠርዝ የለካሁ ዕለት

ውድ አጎቴ ሚህካል፣

ጥቅሉን ገና እንዳይፈቱት። አክስቴ ራውና መቀስ ይዘው ቢመጡም ትንሽ እንዲታገሡ ይንገሯቸው። የደረቀው ሥጋ በሌላኛው ካርቶን ውስጥ ነው፤ እሱን ይክፈቱት። ይህን ደብዳቤ ግን መጀመሪያ ያንብቡልኝ። "ዓይኔ አያይም" እንዳይሉኝ ፊደሉን ትልልቅ አድርጌ ነው የጻፍኩት።

እኛ ደህና ነን። ዘንድሮ በረዶው ከሥር ቅርፊት ስለያዘ አጋዘኖቹ ሣሩን ቆፍረው ለማውጣት ይቸገራሉ፤ ግን እስካሁን አንድም አልጠፋብንም። ባለ ቃጭሏ ነጯ እንደ ሁልጊዜዋ ናት፤ ከእኔ ምግብ ትቀበላለች እንጂ ምክር አትቀበልም። ወደ ባሕሩ ዳርቻ የምንነሳው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው።

የላኩልኝ ወረቀት ከደረሰኝ ወር ሊሞላው ነው። ከግድግዳው ሰዓት ኋላ ሰክቼው ነበር፤ ሰዓት ባየሁ ቁጥር እሱንም አያለሁ። ከፈረምኩበት የመንጋው መሪ እኔ እሆናለሁ፣ እርስዎ ደግሞ አልታ ከተማ አራተኛ ፎቅ ላይ መኪና ሲቆጥሩ ይውላሉ። በጠርዙ ላይ በእርሳስ "እጅ ካልታዘዘ ቦታ መልቀቅ ነው" ብለው ጽፈዋል። መጋቢት ሳያልቅ ለአጋዘን አርቢዎች ቢሮ መድረስ አለበት። የምጽፍልዎት ስለዚሁ ነው።

ሰባኛ ዓመትዎን ባከበርን ቀን የሰጠሁዎትን፣ ከበረዶ ሞተር ፊት የሚገጠሙትን ሁለት መንሸራተቻዎች ያስታውሳሉ? የበረዶ ሞተርዎ ከፋብሪካ ይዟቸው የመጣው ጠባቦች ነበሩና ለስላሳ በረዶ ላይ አፍንጫቸው እየተቀበረ ያስለፋዎት ነበር። እኔ ሌላ አምራች የሠራቸው ሰፋፊ ጥቁር ፕላስቲኮች ይዤ መጣሁ። እርስዎ ገልብጠው አዩዋቸው፣ አውራ ጣትዎን ከሥራቸው ባለው፣ በረዶውን እየቀደደ አቅጣጫ በሚይዘው ቀጭን ብረት ላይ አሳለፉና እኔው ልግጠማቸው አሉ። ባለ ልደት አይሠራም፣ ቁጭ ይበሉ አልኩዎት። ቁጭ አሉ። ምነው ያን ቀን ባይሰሙኝ ኖሮ።

የድሮዎቹን ፈታሁ፣ ቡሎኑን ግራሶ ቀባሁ፣ በመሐል የሚገባውን የጎማ ትራስ በቦታው መለስኩ፣ አዲሶቹን አሰርኩ። ቀጥሎ ሁለቱ ጎን ለጎን ቀጥ ብለው እንዲሄዱ ማስተካከል ነበረብኝ። መሪውን እንዳይዞር በሲባጎ አስሬ፣ በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ከፊት ለካሁ፣ ከኋላ ለካሁ፣ እኩል እስኪሆን የመሪውን ዘንግ አዟዟርኩ። የለካሁት ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ነው። ሁልጊዜም የምንለካው እንደዚያ ነበር። "በርቺ የኔ ሙያተኛ" አሉኝ፤ ደስ አለኝ።

ከዚያ ሚያዝያ መጣ። ሐይቁን ስናቋርጥ እርስዎ ከፊት፣ ባለ ቃጭሏ ከኋላዎ፣ ስድስት መቶው ከእሷ ኋላ፣ እኔ ከሁሉም መጨረሻ። ሞተርዎ ሌላ ሞተር የሄደበትን ፈለግ ባገኘ ቁጥር ወደዚያ ይሳብ ጀመር። ወደ ግራ ሸሸ፣ መለሱት፤ ወደ ቀኝ ሸሸ፣ መለሱት፤ በሦስተኛው ገለበጠዎት። መንጋው ደንብሮ ዞረና በእኔ በኩል አልፎ ሮጠ። ለመሰብሰብ ሦስት ቀን ፈጀብን። ስድስት እርጉዞች የበረዶው ስንጥቅ ውስጥ ገብተው ቀሩ።

እርስዎ ጉልበትዎ ብቻ ነበር የተላጠው። በረዶው ላይ ቁጭ እንዳሉ ጓንትዎን አውልቀው እጅዎን ገልብጠው ገልብጠው አዩትና "ጋረን፣ እጄ አልታዘዘኝ አለ። ካሁን ወዲያ አንቺ ቅደሚ" አሉኝ። አርባ ዓመት ከፊት የሄዱ ሰው። አለቀስኩ፤ አይተውኛል። ያላዩት ነገር ግን አለ፤ በማግስቱ ከፊት ስነዳ፣ ከፊቴ ማንም ሳይኖር፣ ያ ሁሉ መንጋ እኔን ተከትሎ ሲመጣ፣ ደስ አለኝ። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

በጥር የእኔ ሞተር ሲበላሽ የእርስዎን ከመጋዘን አውጥቼ መንዳት ጀመርኩ። ከሥሬም ይቅበዘበዛል። መጀመሪያ ፈለጉ ነው አልኩ፤ ቀጥሎ ብርዱ ነው አልኩ። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፣ ዓይኔም እጄም ምንም አልሆኑም። በመጨረሻ እርስዎ ጠዋት ጠዋት እንደሚያደርጉት ሞተሩን በጎኑ አጋድሜ አውራ ጣቴን በብረቱ ላይ አሳለፍኩ። ድሮ "ድመት ነው የሚያሻሹት?" እያልኩ የምቀልድብዎት ነገር። ሁለቱም ብረቶች በውስጥ ጎናቸው ተበልተዋል፣ በውጭ ጎናቸው ግን ገና ስለታም ናቸው።

እነዚያን አውጥቼ አስቀመጥኳቸው፤ የነዱባቸው እርስዎ ናቸው። አዲስ ብረት አስገባሁና በየእሑዱ እየለካሁ ደብተር ላይ ጻፍኩ። አራት እሑድ አለፈ። አዲሶቹም ያው፣ በዚያው ጎን፣ በዚያው መልክ ተበሉ። እርስዎ ደግሞ አራተኛ ፎቅ ላይ ሆነው የእኔን ብረት ሊበሉ አይችሉም።

በዚያው ሰሞን ጎረቤታችን አንዳራስ አጥሩ ጋ መጣ። ያውቁታል፤ ምላሱን ለማሳረፍ ካልተኛ አይሆንለትም። ከፊት ለፊት ጎንበስ ብሎ ሞተሩን አየና "እቺ ደግሞ እግሯን ከፍታ የምትሄደው ዳክዬ ናት እንዴ? ማነው የገጠማቸው፣ ሚህካል ነው?" አለኝ።

መፍቻ የምፈልግ መስዬ አጎነበስኩ። ዝም ስል አዎ ያልኩ መሰለው። ራሱን ነቅንቆ፣ የሽማግሌው ዓይን ያኔም ሄዶ ነበር ማለት ነው ብሎ መንገዱን ቀጠለ። በሳምንቱ ሱቅ ውስጥ ሰዎች ይህንኑ ሲያወሩ ሰማሁ፤ ዱቄቴን ይዤ ወጣሁ።

አንዳራስ ከሄደ በኋላ ግን ሲባጎ ወጥሬ እንደ አዲስ ለካሁ። ጠርዛቸው እኩል ነው፣ ልክ እኔ እንደተውኩት። ብረቶቹ ግን ከፊት አንድ ጣት ሙሉ ወደ ውጭ ተከፍተዋል። የድሮዎቹ ጠርዛቸው ቀጥ ያለ ስለነበር ከየትም ብንለካቸው ለውጥ የለውም። አዲሶቹ ከፊት ሰፍተው ወደ ኋላ እየጠበቡ የሚሄዱ ናቸው፤ ጠርዛቸውን እኩል ያደረገ ሰው መሐል ላይ ያለውን ብረት ያጣምማል። ከብረት እስከ ብረት ነበር መለካት የነበረብኝ። እርስዎ ቢገጥሟቸው ኖሮ አውራ ጣትዎ ይነግርዎት ነበር።

የመሪውን ዘንግ ፈትቼ በብረቱ ልክ አስተካከልኩት። በማግስቱ ሐይቁ ላይ፣ ሰው ሁሉ የተመላለሰበት ፈለግ ላይ ነዳሁት። አንድ እጄን ከመሪው ባነሳ እንኳ ንቅንቅ የለም። ሞተሩን አጥፍቼ እዚያው ተቀመጥኩ። አጎቴ፣ ሐይቁ ላይ የጣለዎት እጅዎ አልነበረም። እኔ ነኝ። ስድስቱ እርጉዞችም በእኔ ነው የሞቱት።

ይህን ካወቅኩ ሦስት ሳምንት ሆኖኛል፤ ወረቀትዎ በዚያው ሳምንት ነው የደረሰኝ። ለምን ያን ዕለት አልደወልኩም? አዲስ ብረት አስገብቼ፣ ትንሽ ልለካ፣ እርግጠኛ ልሁን እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ። በመጀመሪያው እሑድ ብረቱ በሁለቱም ጎን እኩል ነው የተበላው፣ በሁለተኛውም እኩል፣ በሦስተኛውም እኩል። ከመጀመሪያው በኋላ የምለካው ብረቱን ሳይሆን ወረቀቱ ላይ ለመፈረም ስንት ቀን እንደቀረኝ ነበር። ከፊት መሄድ ወድጄ ነው። የማን ቤት ፈርሶ የማን ቤት ሊሠራ! አፍሬያለሁ።

ትናንት አንዳራስ ቤት ሄድኩ። ቅልጥም እየሰበረ ነበር፤ ለእኔም አቀረበልኝ። ከመብላቴ በፊት የገጠምኩት እኔ መሆኔን፣ የለካሁት በስህተት መሆኑን፣ ሲጠይቀኝም ሆን ብዬ ዝም ማለቴን ነገርኩት። ይስቃል ብዬ ነበር። አልሳቀም። ቅልጥሙን አስቀመጠና "እና ለሚህካል ማን ሊነግረው ነው?" አለኝ።

"እኔ" አልኩት። ለሌላው ሁሉ ግን እሱ እንደሚነግርልኝ ጥርጥር የለኝም፤ ምናልባት ከዚህ ደብዳቤ ቀድሞ ዜናው አልታ ይደርስ ይሆናል። ይድረስ። እንኳንም እንደዚያ ያለ ጎረቤት ሰጠን።

ይምጡ ብዬ አላዝዎትም። በእውነት ደክሞዎት ከሆነ፣ አራተኛው ፎቅ ከተስማማዎት፣ አክስቴ ራውናም ከጎረቤቶቻቸው ጋር ከተላመዱ፣ ይሁን። ነገር ግን የሚለቁት ደክሞዎት ይሁን እንጂ በእኔ ሜትር የተነሳ አይሁን። ሞተርዎ ነዳጅ ጠጥቶ፣ ብረቱ አዲስ ሆኖ ቆሟል። ቁልፉ እርስዎ በሚሰቅሉበት ምስማር ላይ ነው።

አሁን ጥቅሉን ይፍቱ። ውስጡ ሁለት ብረት አለ። አንዱ ባለፈው ዓመት እርስዎ የነዱበት ነው፣ ሌላው ዘንድሮ እኔ የነዳሁበት። መነጽር አያስፈልግዎትም፤ እንዲያውም ዓይንዎን ይጨፍኑና አውራ ጣትዎን ያሳልፉባቸው። የትኛው የእርስዎ፣ የትኛው የእኔ እንደሆነ ከለዩ ወረቀቱን መልሰው ይላኩልኝ፣ በዚያው ቀን እፈርምበታለሁ።

የጠቀለልኳቸው በዚያው ወረቀት ነው።

ከመንጋው ኋላ፣ በድሮ ቦታዬ ሆና የምትጠብቅዎት፣
የወንድምዎ ልጅ ጋረን