ገለባ ሆና የተቃጠለችው እህትህ

ለታላቅ ወንድሜ ለቦቦቶሽ፣

እንዴት ከርመሃል? የትንፋሽህ ነገር እንዴት ሆነ? ጉልበትህስ ደረጃ ያወጣሃል? ኩሬው ዓሣ ሰጠ ወይስ ዘንድሮም ጎርፍ ጠረገው? እኔ ደህና ነኝ። መስማቱ እንደሚያስከፋህ ስለማውቅ ደግሜ እጽፈዋለሁ፤ በጣም ደህና ነኝ። ጽሕፈቱም የራሴ ነው። ስልሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ፊደል ያስቆጠረችኝ ሎቲካ ናት፤ ያቺ አብሬያት ብጠፋ ስሟ በቤትህ እንዳይጠራ ያልካት። ካረፈች ሦስት ክረምት ሆናት።

የምጽፍልህ ስለ ልጅህ ስለ ኦሆና ነው። የጻፈችውን መጽሐፍ ለጎረቤት ሁሉ አሳይተሃል አሉ፤ እንዳላነበብከው ግን አውቃለሁ። እዚህ ከተማ እንደ እኔና እንደ ሎቲካ ያሉ ሴቶች፣ ወንድ የሚወዱ ወንዶችም፣ በወር አንዴ ፎቅ ላይ ተሰብስበው መጽሐፍ ይወያያሉ። ከዳካም ከማድራስም የመጡ አሉባቸው። ኦሆናን ጋብዘዋታል ሲሉ ሰምቼ ሄድኩና ከኋላ ተቀመጥኩ።

መጽሐፉ ሴት ወድዳ ስለጠፋች፣ ቤተሰቧ ስለገፋት፣ በሐዘን ስለሞተች አክስት ነው። እኔ ስጠፋ ኦሆና አምስት ዓመቷ ነበር። አስከሬኑ ለጠፋ ሰው እንደሚደረገው የገለባ ሰው በቁመቴ ልክ ሠርተህ፣ ሳሪዬን አልብሰህ ወንዝ ዳር ስታቃጥል ቆማ አይታለች። ልጅ በምን ትወቅ? ጨርቁ ውስጥ ያለሁት እኔ መሰልኳት። እስከዛሬም እንደመሰልኳት ነው።

ኦሆና ስታነብላቸው የተሰበሰበው ሁሉ አለቀሰ። አንድ ጢማም ጎልማሳ አክስትሽን እንደ እናቴ ነው ያለቀስኳት አላት። እሷም አክስቴ ማንበብ አትችልም ነበር፣ አፏ እኔ ነኝ አለች።

እጄን አነሳሁ። “ሬሳዋን ማን አጠበው?” አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። አገጬ የአባታችን ነው፤ ያንተም የሷም ነው። ፊቷ ዐመድ መሰለ። አወያይዋ ሻይ እንጠጣ ብላ ገላገለቻት።

ደረጃው ላይ ወስዳኝ በአክብሮት እግሬን ነካች፣ አለቀሰች። ደስ አለኝ፣ አልዋሽህም። ከዚያ ምን እንዳለችኝ ልንገርህ። “አክስቴ፣ ሰው የወደደው ሟቿን ነው። መጽሐፉ ለሽልማት ታጭቷል። እስከዚያ ብቻ ዝም በዪልኝ፤ ከዚያ ቤቴ ወስጄ እጦርሻለሁ።”

“አባትሽ አቃጠለኝ፤ አንቺ ደግሞ ዐመዱን ትሸጪያለሽ” አልኳትና ተመልሼ ገባሁ።

ሻይና ሳሞሳቸውን እንደያዙ ነገርኳቸው፤ ስሜን፣ ስምህን፣ የመንደራችንን ስም፣ ያቃጠልከውን ገለባ። ስጨርስ አንዲት ቀጭን ልጅ መጽሐፏን ጭኗ ላይ ዘግታ፣ “መጽሐፉ ውስጥ ያለችው ግን ደግ ነበረች” አለች። ጥቂቶች ሳቁ። አንዱ ወንበር አቀረበልኝ፤ የቀሩት ኦሆናን ሊያጽናኑ ከበቧት። አልፈረድኩባቸውም። ደጓ ገለባዋ ነበረች።

ኦሆና ስትወጣ፣ አባቴ በሕይወት መኖርሽን ያውቅ ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እሳቱን የለኮሰው ማን ሆነና አልኳት። “እንግዲህ ሲሞት እንዳይጠሩኝ፤ የሬሳውን እሳት ሌላ ይለኩስለት” አለች። ልከለክላት እችል ነበር። መልካም ፈርደሻል አልኳት።

ለሚስትህ ለሾይሎ ሰላም በልልኝ። ገለባውን ስታለብስ አልቅሳለች ብሎ ከመንደራችን የመጣ ዓሣ ነጋዴ ነግሮኝ ነበር፤ ያቺን እንባ ቆጥሬላታለሁ። ለዕውሯ አማትህ፣ ለጎረቤትህ ለሐኪሙም ሰላምታዬን አድርስ። አንተንም ዕድሜ ይስጥህ፤ ያስፈልግሃል። ሬሳህን የሚያቃጥል ወንድ ልጅ የለህም፣ ሴቷም እንዲህ ብላለች። ከደምህ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ሞቻለሁ።

እህትህ ኒሮባላ
ኮልካታ፣ የአሻር ወር በገባ በአራተኛው ቀን