ዳንኤል ያቃናቸው ስሞች

ሐርጌሳ፣ ማክሰኞ ጥቅምት 12

አዲሱ የቢሮ ኃላፊያችን ዳንኤል ባለፈው ላፕቶፔን ተውሶ ገጾቹ እርስ በርስ በሊንክ የተያያዙ የግል ማስታወሻዬን «አቃናልኝ»። ማን ለመነው? እዚህ አገር ሰው የሚታወቀው በቅጽል ስሙ ስለሆነ፣ የየሰዉን ገጽ በቅጽሉ ነበር የሰየምኩት። እሱ «መላጣው ብሎ ነገር ነውር ነው» ብሎ ሁሉንም በሙሉ ስም ቀየራቸው። በቅጽል ስም የሠራኋቸው ሊንኮቼ አሁን ባዶ ገጽ ላይ ይጥሉኛል።

ዛሬ ኮድቡር ሰፈር የምናሠራው ትምህርት ቤት ግንባታ ላይ ውሃ አለቀ። ዳንኤል የቦቴውን ሹፌር «መሐመድ አሊ» እያለ ሲፈልግ ዋለ። ዘበኛው «የትኛው መሐመድ አሊ፣ ወንድሜ?» አለው። ግንበኞቹ ሥራ ፈተው ዋሉ። ተመልሶ «ማስታወሻህ አይረባም» አለኝ። «መላጣውን ጥሩልኝ» ቢል ኖሮ ሹፌሩ ወዲያው ይመጣለት ነበር። አልነገርኩትም።

ለእሱም ገጽ ከፈትኩለት፤ እንደሚወደው፣ በሙሉ ስሙ። ከየትኛውም ገጽ ወደ እሱ የሚያደርስ ሊንክ ግን አላደረግሁም። እዚያው ብቻውን ይቀመጥ።