የቤት ቁጥር፦ አዲስ

የካ፣ ኅዳር 2003 ዓ.ም.

ውድ ቅዱስ፣

ጅማ እንዴት ይዛሃለች? እኔ አሁን እንኳን ደህና ነኝ። ባለፈው እሁድ ግን አጠገቤ ብትሆን ኖሮ በኪቦርድ ነበር የምልህ! ስልኩ ከ"ሄሎ፣ ሄሎ" ስለማያልፍ ቁጭ ብዬ ልጻፍልህ።

ከመሄድህ በፊት ቀበና ቢሮአችን ውስጥ የተከራከርነው ትዝ ይልሃል? ነርሶቻችን ቤት ለቤት ሄደው አራስ የሚጠይቁበትን ዳታቤዝ ስትሠራ፣ የቤት ቁጥር የሚለው ቦታ ሙሉ ቁጥር ብቻ እንዲቀበል አደረግከው። "ቅዱስዬ፣ አዲስ የተሠራ ቤት እኮ ቁጥር እስኪሰጠው መታወቂያ ላይ 'አዲስ' ተብሎ ነው የሚጻፈው" አልኩህ። "ቁጥር ቁጥር ነው፤ 'አዲስ' ቃል ነው" አልከኝ፣ መነጽርህን ከፍ አድርገህ። ማሽኑ "አዲስ"ን እምቢ ሲል መዝጋቢዎቹ ምን ያድርጉ? ዜሮ እየመቱ አለፉ። ከሲ.ኤም.ሲ በላይ ያለው አዲሱ ሰፈራችን በሙሉ ተጠቃሎ አንድ ቤት ገባልህ!

ይሁን፣ ይኼስ የሥራ ነገር ነው። ግን ሰው ሽማግሌ ሲልክ አድራሻ ከዳታቤዝ ይገለብጣል? የወንድሜ ሚስት ስለወለደች ቤታችን እዚያ ተመዝግቧል፤ አንተም አይተኸው ስለማታውቅ ለአጎትህ ለጋሽ ገመዳና ለወንጌላዊ ከበበ "የቤት ቁጥር ዜሮ" ብለህ ሰጠሃቸው። እነሱ ደግሞ አይደውሉ! "ለልጅቷ ደውለን 'ልንለምንሽ ነው፣ ቤታችሁ የት ነው?' ልንል ነው?" ብለው ነው አሉ።

አባባ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ኮቱን እንደለበሰ ተቀምጦ ይጠብቃል። እርሻው ቀርቶ አጣና ነጋዴ ከሆነ ወዲህም ቢሆን ቀጠሮ የሚያፈርስ ሰው አይወድም። ስምንት ሰዓት አለፈ፣ ዘጠኝም አለፈ። አስር ሲሆን ተነስቶ ኮቱን አወለቀ። "ቤቴን የማያውቅ ልጅ ልጄን ያውቃታል? እስከ አስራ አንድ ካልመጡ በሩን እዘጋለሁ፤ ሁለተኛ ስሙን እንዳታነሱብኝ!" አለ። እማዬ ወጡን ታሞቃለች፣ ትመልሳለች፣ ደግሞ ታሞቃለች። እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። አዎ፣ ላንተ!

ሽማግሌዎችህ ለካ "ዜሮ ቁጥር ቤት የት ነው?" እያሉ ሲንከራተቱ ነው የዋሉት። አንድ ባለሱቅ አዘነላቸውና "ቁጥር የሌለው ቤት ከሆነማ ያውና" ብሎ የጎረቤታችንን የአቶ አካሉን ቤት አሳያቸው። ገቡ። አንቀመጥም ብለው እንደቆሙ "ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን መጥተናል" አሉ። አቶ አካሉ ክው ብለው "እኔ ያሉኝ ወንዶች ናቸው! የቱን ልስጣችሁ?" አይሉ መሰለህ! የአባባን ስም ሲሰሙ ግን "ምነው አጣና ነጋዴው ፈዬራ አትሉኝም!" ብለው ከዘራቸውን አንስተው ራሳቸው እየመሩ አመጧቸው። ሁለት ሆነው የወጡት ሽማግሌዎች ሦስት ሆነው ሲደርሱ አባባ መቀርቀሪያውን ይዞ ቆሞ ነበር።

ጋሽ ገመዳ የሆነውን ሁሉ ተናገሩ። አባባ ፊቱ ተለዋወጠ። "እኔ ፈዬራ፣ ዜሮ ነኝ?" አለ። አቶ አካሉ "አይዞህ፣ እኔም ዜሮ ነኝ፤ ሰፈሩ በሞላ ዜሮ ነው" ሲሉት መጀመሪያ እማዬ ሳቀች፣ ቀጥሎ ወንጌላዊ ከበበ፣ በመጨረሻ አባባ ራሱ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። "ቁጭ በሉ" አላቸው። ቁጭ በሉ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ! ግን ያው አባባ ነው፤ "መልሴን የምትሰሙት ያ ማሽን ቤቴን በወጉ ሲጠራ ነው" ብሎ ሸኛቸው።

ሰኞ ጠዋት ቢሮ ገብቼ ያንተን ሙሉ ቁጥር ነቀልኩት። ዳታቤዙ ይዟቸው ከመጣቸው የመረጃ ዓይነቶች ሌላ የራሳችንን ዓይነት ፈጠርኩለት። ሕጉ አጭር ነው፦ ወይ ከዜሮ የሚበልጥ ቁጥር፣ ወይ "አዲስ" የሚል ቃል፤ ከዚያ ውጪ አይገባም። እሱን ደግሞ ከሰፈሩ፣ ከልዩ ምልክቱና "ማን ብለው ይጠይቁ" ከሚለው ጋር አንድ ላይ አስሬ "አድራሻ" የሚባል ትልቅ ዓይነት ሠራሁ። ዜሮ አስገብቼ ሞከርኩት። እምቢ አለ! "አዲስ" ብዬ ጻፍኩ። እሺ አለ! ዘልዬ እልል ስል ነርሶቹ "ማን ወለደ?" እያሉ ሮጠው መጡ።

ረቡዕ አባባ አጣና አድርሶ ሲመለስ ቢሮ ጎራ አለ። ስክሪኑን አዞርኩለት። "የካ፣ የቤት ቁጥር አዲስ፣ ከአጣና መሸጫው ጀርባ፣ ፈዬራ ዋቅቶላ ብለው ይጠይቁ" ይላል። በጣቱ እየተከተለ አነበበው፤ ደግሞ አነበበው።

"ይኼን ያ ልጅ ነው የሠራው?"

"እኔ ነኝ።"

"እሱስ?"

"እሱማ ዜሮ ያለህ ነው።"

ሳቀ። "እንግዲያው አንቺ ካለሽለት ይበቃዋል። ይምጣ በይው" አለና ባርኔጣውን ደፍቶ ወጣ።

ቅዱስዬ፣ ይምጣ ተባልክ እኮ! ደስታዬን የት ላድርሰው? ሥራህን ጨርሰህ ቶሎ ና፤ የምንገባበትን ቤት አብረን እንፈልጋለን። ቁጥር ገና ያልወጣለት ቢሆን እንኳ አይጨንቅህ፤ አስመዝግቤ እጠብቅሃለሁ።

ያንተዋ
ጂቱ ፈዬራ
የቤት ቁጥር፦ አዲስ