ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ አረንጓዴ

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ ለስብሓት ኃይለኪሮስ፤

ይህች ወረቀት ያን ሁሉ ባሕርና በረዶ ተሻግራ ሩሲያ ድረስ እጅህ ስትገባ እንዴት ሆነህ ታገኝህ ይሆን? ጤናህስ? በበጋ የያዘህ ሳል ለቀቀህ ወይ? እንቅልፍስ ይወስድሃል? ምግቡንስ ለመድከው ወይስ አሁንም ድንችና ጎመን እያልክ ታማርራለህ? እኛ ከናፍቆትህ በቀር ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። አባባን አልፎ አልፎ ጉልበቱን ይቆረጥመዋል። ታናሿ እህታችን ትበርህ በቁመት እኔን ልትበልጥ ምንም አልቀራት። እኔም ያው ከመሥሪያ ቤቴ የጽሕፈት መኪና ጋር ስታገል እውላለሁ።

በጥቅምት የላክኸው ደብዳቤ ደርሶናል። «ጨለማው ደግሞ ሊመጣ ነው፤ ዘንድሮ የምችለው አይመስለኝም፤ የበረዶው ወራት ፈተና እንዳለቀ ትምህርቱን ትቼ ሳልመጣ አልቀርም» ያልከውን ሁላችንም አንብበናል። አባባ በማግስቱ «በርታ» ብሎ እንደጻፈልህ አውቃለሁ። እኔ ግን በሞቀ ቤት ተቀምጦ በርታ ማለት ምን ያቅታል ብዬ ሳልጽፍልህ ቆየሁ። ደግሞ በዚያው ደብዳቤ ግርጌ «አበባዬስ ቀላች ወይ?» ብለህ ጠይቀሃል። ታውቀኝ የለ፣ ያልገባኝ ነገር ካለ እህል አይወርድልኝም፤ የእሷን ነገር ሳላጣራ ብዕር ማንሳት አልፈለግኩም።

ያቺ ከጎረቤታችን ከእትዬ ተናኜ አጥር ቆርጠህ በወተት ጣሳ የተከልካት እንጨት ዛሬ በሸክላ ማሰሮ ሆና ሳሎን ቡፌው ላይ፣ ከፎቶግራፍህ አጠገብ ተቀምጣለች። እንደ ወገኖቿ ለገና መቅላት ሲገባት አምና ሳትቀላ ስትቀር ገና ልጅ ናት ብዬ አለፍኳት። ዘንድሮ ግን ጭራሽ በመስከረም ቅጠሏ ይገረጣና ይረግፍ ጀመር። አንስቼ ልጥላት ምንም አልቀረኝም ነበር።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ውሃውን ነው። ለካስ እኔ ጠዋት ሥራ ከመሄዴ በፊት አጠጣታለሁ፣ ትበርህ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ታጠጣታለች፣ እማዬ ደግሞ እኛ ሳናውቅ ጠበል ትጨምርላታለች። ከሥሯ ያለው ሳህን ኩሬ ሆኗል። አንድ ቀን አባባ የረገፈ ቅጠል አንስቶ ከጫፉ የሚንጠባጠበውን ነጭ ወተት አየና ሳቀ። የቁልቋል አገር አጋሜ ተወልዶ እንዴት አይስቅ። «ይኼ እኮ የቁልቋል ዘመድ ነው፤ ቁልቋል ውሃ ሲያጠጡት ያያችሁት የት አገር ነው?» አለን። ከዚያ ወዲህ ጣቴን አፈሩ ውስጥ እሰድዳለሁ፤ ደርቆ ካገኘሁት አጠጣታለሁ፣ ከረጠበ እተዋታለሁ፣ ሳህኑ ላይ የወረደውንም እደፋለሁ። እማዬም ጠበሉ ለእኛ ለኃጢአተኞቹ ይበቃናል ብዬ ስለምናት እያጉረመረመች ተወች። ቅጠሏ መርገፉን አቆመ። መቅላት ግን የለም፤ እንደ ጎመን አረንጓዴ ሆና ቀረች።

አሁን ያልጻፍንልህን አንድ ነገር ልንገርህ። አምና በታኅሣሥ «እዚህ ፀሐይ በአራት ሰዓት ወጥታ አስር ሰዓት ሳይሞላ ትገባለች» ብለህ ስትጽፍ፣ እማዬ የዚያን ዕለት የሳሎኑን መብራት ሳታጠፋ ተኛች። በነጋታውም እንዲሁ። ልጄ በጨለማ ተቀምጦ እኔ ምን ብዬ መብራት አጠፋለሁ ነው ነገሩ። የጥቅምቱ ደብዳቤህ ሲመጣማ የአርባ ሻማውን አምፑል አስወልቃ የመቶ ሻማ አስገባች። አባባ ቆጣሪው እንደ እንዝርት ይሾራል እያለ ቢያሾፍባትም የሚሰማው አላገኘም።

በኅዳር አንድ ቅዳሜ ከሾላ ገበያ ዘንቢሌን ተሸክሜ ስመለስ እትዬ ተናኜ አጥር ሥር እጄን ላሳርፍ ቆምኩ። ቀና ብል ያንተ እንጨት የተቆረጠችበት ዛፍ ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ አረንጓዴ ነው። በግቢው በኩል ያለው ቅርንጫፍ በሙሉ እንደ ፍም ቀልቷል፤ በመንገድ በኩል ያለው ግን አንዲት ቀይ ቅጠል የለችበትም። በሽታ ነው እንዳልል አረንጓዴውም ያማረ ነው። ዞሬ ዞሬ ሳየው በመንገዱ በኩል የመብራት ምሰሶ ቆሟል፤ አምፑሉ ከቅርንጫፉ ጋር ሊነካካ ምንም አልቀረው። ሌሊቱን ሙሉ የሚበራበት ወገን ነው ሳይቀላ የቀረው። እዚያው ቆሜ ብቻዬን ስስቅ ሰው ሳያየኝ አልቀረም።

ቤት እንደገባሁ ካርቶን ፈልጌ ማታ ማታ አበባዋ ላይ እደፋባት ጀመር። ጠዋት ስነሳ ካርቶኑ ወርዶ አገኘዋለሁ። እማዬ ናት፤ አፍነሽ ልትገድያት ነው ትለኛለች። መጨረሻ ላይ እውነቱን ነገርኳት፣ መብራቱ ካልጠፋ አትቀላም አልኳት። አልተቆጣችም። «ለቅጠል ብዬ ልጄን ላጨልምበት?» ብቻ አለችኝ። እኔም ነገሩን ተውኩት።

የኅዳር ጽዮን ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ግን እማዬን በእትዬ ተናኜ በኩል ይዣት መጣሁ። እስቲ ቀና በይ ብቻ ነው ያልኳት። ቆማ አየች። ምሰሶውን አየች። ነጠላዋን ሰብስባ ወደ ግቢው ገባችና ከዚያም በኩል አየችው። እትዬ ተናኜን አንድ ግንድ ነው ወይስ ሁለት ብላ ጠየቀቻት፤ አንድ ነው አለቻት። ያን ዕለት ማታ ሁላችን ልንተኛ ስንል ራሷ ሄዳ መብራቱን አጠፋችው። «ጨለማንም የፈጠረ እሱ ነው» አለችና ገብታ ተኛች።

ባለፈው እሑድ አቧራ ስጠርግ ከላይኛዋ ቅጠል ሥር እንደ ክር የቀጠነ ቀይ አየሁ። ዛሬ ሦስት ቅጠሎች ቀልተዋል። አንተ አበባ ትላት ነበር እንጂ የሚቀላው ቅጠሉ ነው፤ እውነተኛው አበባ መሐል ላይ ያለችው ፍሬ የምታክል ብጫ ነገር ነች። ግን የሌሊቱን ርዝመት በምን ታውቀው ይሆን? ዓይን የላት፣ ሰዓት የላት። እስቲ አንተ መምህራንህን ጠይቅልኝ።

ወንድሜ፣ ሰው እንደ ዛፍ ነው አልልህም፤ ያንተን ጨለማ አላየሁትም። ብትመጣ በሩ ክፍት ነው፤ አፉን የሚከፍትብህ ሰው እኔን ያገኛል። ግን እኔ ልጥላት የነበረው ልትቀላ ጥቂት ወራት ብቻ ሲቀራት ነው። ይህን እያሰብኩ ነው የምጽፍልህ። በሌሊቱ መሐል አትወስን፤ ፀሐይ እስክትመለስ ጠብቅና የዚያን ጊዜ የምትለኝን እሰማለሁ።

አባባ ስለ ጉልበቱ እንዳትሰጋ ብሎሃል። ትበርህ የሩሲያ ቴምብር እንዳትረሳባት ትላለች። እትዬ ተናኜ ሰላም ብላሃለች፤ እንጨቱን ሳታስፈቅድ መቁረጥህንም አልረሳችም። እማዬ ዓይንህን ስማለች። መብራቱን ማጥፋቷን እንዳልጽፍልህ አስጠንቅቃኝ ነበር፤ የረሳሁት ይመስለዋል ብላ። እኔ ግን የማየውን ልንገርህ፤ ማታ ማታ መብራቱን ታጠፋና ወዲያው አትተኛም። ከፎቶግራፍህና ከአበባዋ አጠገብ ወንበር ስባ ካንተ ጋር በጨለማው ትንሽ ትቀመጣለች።

እህትህ ትርሓስ

ቦሌ፣ አዲስ አበባ
ጥር 6 ቀን 1978 ዓ.ም.